የጉድጓዱ በርኖስ

ደሞዝና ሚስቱ ይታየሽ ጉድጓዱን የማሱት እህል እናገኛለን ብለው ነበር።

ጊዜው የሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ነው። አገራቸው ፃግብጂ ሁለት ክረምት ዝናብ አላየም። በሬዎቹ ሞተዋል፤ ፍየሎቹ ተሸጠው አልቀዋል፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው በአንድ ወር ውስጥ ተከታትለው አርፈዋል። የቀረቻቸው የስድስት ዓመቷ ጸሐይነሽ ብቻ ናት። የደሞዝ አባት በጃንሆይ ዘመን ጭቃ ሹም ነበሩ፤ ለክፉ ቀን እያሉ ከቤቱ ጀርባ እህል የሚቀብሩበት ጉድጓድ እንደነበራቸው ልጃቸው ያውቃል። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ያን ቦታ የነካው ሰው የለም። ባልና ሚስት በአንድ ዶማ እየተቀባበሉ፣ ሲደክማቸው በእጃቸው አፈር እየዛቁ፣ ሁለት ቀን ቆፈሩ። አፉ ላይ የተጋደመው ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቅ ሲል ይታየሽ እልል ልትል ከጅሏት ድምፅ አነሳት።

ድንጋዩ ሲነሳ እህል አልነበረም። ከታች በደረቀ የበሬ ቆዳ ተጠቅልሎ፣ በጠፍር ታስሮ የተቀመጠ ጥቁር በርኖስ ተገኘ።

ደሞዝ ወዲያው አወቀው። አባቱ ለጥምቀትና ለሰርግ የሚደርቡት፣ ሲደርቡትም ሰው ሁሉ ከመንገድ ዘወር ብሎ የሚያሳልፋቸው በርኖስ ነው። አብዮቱ የመጣ ጊዜ የመሳፍንት ልብስ ነው ተብሎ እንዳይወሰድባቸው ደብቀውት፣ የት እንዳደረጉት ሳይናገሩ ሞተዋል። ደሞዝ ጉድጓዱ ውስጥ እንደቆመ በርኖሱን አቅፎ ቆየ።

«ምነው አባዬ» አለ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ፣ «አንዲት ቁና ገብስ አብረው ቢያስቀምጡ ምን ነበረበት?»

ሸጠው እህል ሊገዙበት ልጃቸውን ይዘው ወደ ሰቆጣ ወረዱ። ጉልበት ያለው ሰው በአንድ ቀን የሚጨርሰው መንገድ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ገበያው ሲደርሱ ግን የልብስ ተራው ከእህል ተራው በዝቶ አገኙት። ሰው ሁሉ ሣጥኑን ገልብጦ መጥቷል። የሙሽራ ጥልፍ ቀሚስ፣ የክት ኩታ፣ ለከፈን ተብሎ የተቀመጠ አዲስ ቡልኮ ሳይቀር መሬት ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይመታዋል። ሻጭ እንጂ ገዢ የለም። ደሞዝ በርኖሱን ክንዱ ላይ አድርጎ እስከ ቀትር ቆመ። ማንም ዋጋ አልጠየቀውም። አንዲት አሮጊት ብቻ ቀርበው ጨርቁን በጣታቸው አሹት፤ «እንዲህ ያለ ልብስ ድሮ ቀረ» ብለው ሄዱ። በኋላ ከአጠገቡ የቆመ ሰው፣ «ሰላሕ ሰፊው ዘንድ ውሰደው። አሮጌ ልብስ ሲያይ አያስችለውም» አለው።

ሰላሕ ኢብራሂም ሱቁ ከገበያው በላይ ነው፤ አንዲት በር፣ አንድ በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና፣ አንድ አግዳሚ። አባቱም ሰፊ ነበሩ። የአባቱን ሙያ ቢወርስም ልቡ ያለው አዲስ ልብስ ላይ አይደለም። እህል በነበረበት ዘመን ከጽጽቃ እስከ ኮረም ገበያ ለገበያ እየዞረ ያረጀ ካባ፣ የተቀደደ እጀ ጠባብ፣ ብል የበላው ሱፍ ይሰበስባል፤ ወር ሙሉ ተቀምጦ ይጠግነዋል፤ ከዚያ ለሚያምርበት ሰው ይሸጣል። የማያምርበት ሰው ቢመጣ አልሸጥም ብሎ የመለሰበት ጊዜም አለ። እሱ ራሱ የሚለብሰው ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የሱፍ ኮት ነው፤ ሦስት ጊዜ ገበሩን ቀይሮለታል። አሁን ግን የሚያሰፋ የለም። ልጁ ዓሊ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወራት አልፈዋል፤ ደብዳቤም አልመጣ። ሰላሕ ልማድ ሆኖበት በየጧቱ ሱቁን ይከፍታል።

በርኖሱን ሲያየው ሳይናገር ተነሥቶ ተቀበለው። ወደ በሩ ብርሃን አወጣው፤ ገለባበጠው፤ ያንገቱን ውስጥ ገልጦ አየና ቁጭ አለ።

«ይኼን ከየት አመጣኸው?»

«የአባቴ ነው።»

«አባትህ ማን ናቸው?»

ደሞዝ የአባቱን ስም ነገረው። ሰላሕ ካንገቱ ሥር ያሉትን ሦስት አጫጭር ቀያይ ስፌቶች በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«የሰፉት የኔ አባት ናቸው» አለ። «በሠሩት ልብስ ሁሉ እዚህች ጋ ይቺን ይተዋሉ። ከሞቱ በኋላ የሳቸውን ሥራ ሳይ ይኼ አራተኛው ነው።»

ይታየሽ አግዳሚው ጠርዝ ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። «እንግዲያ ይግዙን፣ አያ ሰላሕ» አለች። «እርስዎ ዋጋውን ያውቁታል።»

ሰላሕ አንገቱን ደፋ። «እህቴ፣ ዋጋውንማ አውቀዋለሁ። የምሰጥሽ ግን የለኝም። ቤቴ ያለው እህል ለኔና ለባለቤቴም ወር አያደርሰን።»

 ደሞዝ በርኖሱን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ሲዘረጋ ነጠላው ወደ ኋላ ተንሸራተተና ከሥሩ እጀ ጠባብ እንኳ እንደሌለው፣ የጎድን አጥንቱ እንደሚቆጠር ታየ። ኅዳር ሊገባ ነው። በዚያ አገር የኅዳር ውርጭ ድንጋይ ይሰነጥቃል።

«ልጠግንልህ» አለ ሰላሕ። «ያለ ዋጋ። ገዢ ካልተገኘ ልበሰው። ቢያንስ ብርዱ አይግደልህ።»

ይታየሽ ባሏን አየችው። እምቢ እንዲል ነበር የፈለገችው። ደሞዝ ግን ልጆቹ ከሞቱ ወዲህ አይታበት የማታውቀው ጉጉት ፊቱ ላይ ነበር። «ይጠግኑልኝ» አለ።

አራት ቀን ፈጀ። ብሉ ትከሻውን ወንፊት አድርጎታል፤ አንድ ጎኑን ቆዳው ውስጥ የገባ እርጥበት አበስብሶታል። ሰላሕ ከውስጥ ታጥፎ ከተሰፋው ጫፉ ክር በክር እየመዘዘ፣ በዚያው ክር ቀዳዳዎቹን እየሸመነ ደፈናቸው፤ ጥቁሩ ከጥቁሩ እንዳይለይ። የበሰበሰውን ቆርጦ ከራሱ ከበርኖሱ ትርፍ ጨርቅ ተካበት። ቤተሰቡ እነዚያን ቀናት ከሱቁ ጣሪያ ሥር ተጠልሎ ከረመ። የሰላሕ ሚስት ዓሲያ በቀን አንዴ ቀጭን አጥሚት ታመጣላቸዋለች። በሦስተኛው ቀን ባሏ ከሣጥኗ አውጥታ የማትለብሰውን ነጭ አቡጀዴ ለገበር ሲጠይቃት ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«የዓሊ አባት፣ ሰው በረሃብ እየረገፈ አንተ በርኖስ ታስጌጣለህ?»

«ሌላ ምን አውቃለሁ ዓሲያ?» አላት። «እህል አበቅል ይመስል።»

አቡጀዴውን ወርውራ ሰጠችው።

በአራተኛው ቀን ደሞዝ ደረበው። አባቱ ወፍራም ሰው ነበሩ፤ ሰላሕ ግን ትከሻው ላይ ከገበሩ ሥር ባዘቶ ጨምሮ አቃንቶታል። ያ አጥንቱ የወጣ ሰው ትከሻው ሞልቶ፣ አንገቱ ቀና ብሎ ቆመ። ሰላሕ ዙሪያውን እየዞረ አየው። በዕድሜው ከሠራቸው ሁሉ የሚበልጥ ሥራ እንደሆነ ያውቀዋል። ጸሐይነሽ የአባቷን በርኖስ ጫፍ ይዛ ጉንጯን አሸችበት። ይታየሽ እንኳ ፈገግ አለች።

በሳምንቱ የርዳታ እህል በወታደር ታጅቦ ከተማው ገባ። ከከተማው በታች ባለው ሜዳ ሰው ይመዘገባል ተባለ። ከየተራራው የወረደው ሕዝብ ሜዳውን ሞላው። ሰልፉ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ወሰደ። ያን ሌሊት ከፊታቸው የነበሩ ሁለት ሰዎች በተቀመጡበት ደርቀው አደሩ፤ ደሞዝ ግን ሚስቱንና ልጁን በርኖሱ ውስጥ አስገብቶ ሦስቱም ነቁ።

ጠዋት ተራቸው ደረሰ። መዝጋቢው ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። ከመዝገቡ ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው በርኖሱን ነው።

«አንተ ባለ በርኖሱ! ከሰልፉ ውጣ።»

ደሞዝ የተነገረው ለሌላ ሰው መስሎት ወደ ኋላው ዞረ።

«አንተን ነው! ይኼን የመሰለ ልብስ ደርበህ ከሚሞተው ሕዝብ አፍ ልትነጥቅ ትሰለፋለህ? ሽጠህ ብላ!»

«ጌታዬ፣ ገዢ ጠፋ» አለ ደሞዝ። አማርኛው ተንተባተበበት። «የአባቴ ነው። ጠገኑልኝ እንጂ...»

«የአባትህ? አባትህማ ማን እንደነበሩ ልብሱ ይናገራል።» ለወታደሩ ምልክት ሰጠው።

ይታየሽ ልጇን ወደ ፊት ገፋች። «ልጄን እይልኝ፣ ወንድሜ። እጇን እይልኝ።» መዝጋቢው ግን ሌላ ሰው ጠርቶ ነበር። ወታደሩ በጠመንጃው ሰደፍ፣ ሳይመታ፣ ገፋ ገፋ እያደረገ አወጣቸው። ከሰልፉ አንድ ሰው፣ «አውልቀኸው አትቆምም ነበር?» አለ። ደሞዝ በርኖሱን ደረቱ ላይ ሰበሰበ። ቢያወልቀው ከወገቡ በላይ የሚለብሰው እንደሌለው፣ ያ ሌሊት ያለ በርኖስ እንደማይታደር እዚያ ሜዳ ላይ ለማን ይነግራል?

ይታየሽ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ወደ ሰላሕ ሱቅ ወጣች። ዘግይቶ ደሞዝ ልጁን ይዞ መጣና በር ላይ ተቀመጠ።

«አያ ሰላሕ፣ ይተርትሩት» አለች።

«ምኑን?»

«የጠገኑትን። ከነገ ወዲያ እንደገና ይመዘግባሉ አሉ። እንደ ድሮው ያድርጉልን።»

ሰላሕ የሆነውን ሁሉ አስነገራት። «ሌላ ጨርቅ ልስጠው። ጆንያ ይልበስና በርኖሱ እኔ ዘንድ ይቆይ።»

«ደሞዝን ይዩት» አለችው።

ደሞዝ ይንቀጠቀጣል። ከሜዳው ከወጣ ጀምሮ ትኩሳት ይዞታል፤ በርኖሱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ጨብጦታል። «አታውልቁብኝ» አለ። «ካወለቃችሁብኝ አልነሳም። ላዩን አበላሹት፤ ከላዬ ግን አይውረድ።»

ስለዚህ ሰላሕ መቀሱን ይዞ በር ላይ ተንበረከከና ልብሱ ሰውየው ላይ እንዳለ መተርተር ጀመረ። መጀመሪያ ትከሻ ላይ የሸመናቸውን ክሮች አንድ በአንድ መዘዘ። እጁ ፈቃደኛ አልነበረም። አንዱን ሲመዝ ሌላውን እንዳያበላሽ ይጠነቀቃል፤ ከዚያ ማበላሸት ነው ሥራው ብሎ ራሱን ይገሥጻል። ብል የበላቸው ቀዳዳዎች ሁሉ ተመለሱ። በቀዳዳዎቹ ግን የዓሲያ ነጭ አቡጀዴ እንደ ጥርስ ብልጭ ብልጭ አለ።

ይታየሽ አየችው። «ነጩ ይታያል» አለች። «አዲስ ገበር አለው ይላሉ።»

«ገበሩ ከወጣ እኮ ብርድ ያስገባል።»

«ካልወጣ አይመዘግቡንም።»

ሰላሕ ወደ ዓሲያ ዞረ። ዓሲያ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ቆማለች። ገበሩን ተረተረው። ባዘቶው ከትከሻው እየተፈታ በረንዳው ላይ ወደቀ፤ ነፋስ ወሰደው። ሲጨርስ ደሞዝ ትከሻው ወርዶ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ከተገኘው ጨርቅ የባሰ ነገር ለብሶ ተቀምጧል። «እንዲህ ይሻላል» አለ ደሞዝ፣ ሰላሕን ሊያጽናና።

በሦስተኛው ቀን ሜዳው ላይ ሲደርሱ መዝጋቢው ጠረጴዛውን እያነሳ ነበር። መዝገቡ ሞልቷል ተባለ። ማንም በርኖሱን አላየውም፤ ማንም ወደ ደሞዝ ቀና አላለም። የሚቀጥለው እህል ሲመጣ ተመለሱ አሏቸው። የሚቀጥለው እህል ግን አልመጣም። መንገዱ ላይ ውጊያ ሆነና መኪና መግባት ቀረ።

ዐሥር ቀን ጠበቁ። ዓሲያ አጥሚቱን ያቀጠነችው፣ ከዚያም በሁለት ቀን አንዴ ያደረገችው በነዚያ ቀናት ነው። ከዚያ ኮረም ምግብ አለ የሚል ወሬ መጣና ሰው ሁሉ መንቀሳቀስ ሲጀምር እነሱም ተነሡ። ሰላሕ ሊሄዱ ሲሉ ገበሩን አጥፎ ይዞ ወጣ።

«ደጋውን ነው የምታልፉት። ቁጭ በልና ይኼን መልሼ ልስፋልህ። ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም።»

ደሞዝ አቡጀዴውን አየው። እጁን ዘርግቶም ነካው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«ኮረምም መዝጋቢ አለ፣ አያ ሰላሕ።»

ሰላሕ መርፌውን መልሶ ኮቱ ላይ ሰካ። እውነቱን ነው። አቡጀዴውን ለሕፃኗ ያዙላት ብሎ ቢሰጣቸውም ይታየሽ አዲስ ጨርቅ መሆኑን አይታ መለሰችለት። ሦስቱ ከሌላው ሰው ጋር ሽቅብ ወጡ። ደሞዝ በዱላ እየተመረኮዘ፣ በየጥቂቱ እየቆመ ይሄዳል። ነፋሱ በበርኖሱ ቀዳዳዎች ገብቶ ጀርባው ላይ ሲነፋው ከሩቅ ይታይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወሬያቸው ጠፋ። ሰላሕ ከኮረም የሚመለስ ሰው ባገኘ ቁጥር ጠይቋል። ቀዳዳ ጥቁር በርኖስ የለበሰ ሰው አላያችሁም? ይላል። «እዚያ ቀዳዳ ያልለበሰ ማን አለ?» ይሉታል።

ይታየሽ የተመለሰችው ግንቦት ላይ ነው። ዘር ተሰጥቷቸው ወደ አገራቸው ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ሆና በሰቆጣ አለፈች። ሰላሕ መጀመሪያ አላወቃትም። ጠጉሯ ተላጭቷል፤ ጀርባዋ ላይ ትንሽ ከረጢት አዝላለች፤ ጸሐይነሽን በእጇ ይዛለች። ሱቁ በር ላይ ቆማ «እንዴት ከረሙ፣ አያ ሰላሕ?» ስትል በድምፅዋ ለያት።

ዓሲያ ውኃ አመጣችላቸው። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ይታየሽ ሳትጠየቅ ነገረችው።

«ኮረምን አላየም» አለች። «በሦስተኛው ቀን፣ ደጋው ላይ። ሌሊቱን ሙሉ በረደኝ ሲል አደረ። እኔና ልጄ ላዩ ላይ ተኛን። ሊነጋ ሲል ሞቀኝ አለ። ደስ አለኝ። ሲነጋ ሞቶ አገኘሁት።»

ውኃውን ለልጅቷ አቀበለቻት።

«መቆፈሪያ የለ፣ ጉልበት የለ። መንገደኞች ድንጋይ ከመሩልኝ። በርኖሱን በጩቤ ለሁለት ቀደድኩት። ግማሹን አለበስኩት። ራቁቱን ድንጋይ ላይ እንዴት አደርገዋለሁ? ግማሹን ለሷ።»

ሰላሕ አንድ ቃል ጠበቀ። እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ደግ ነው የሠሩት፣ የሚል ነገር። ወይም ደግሞ እርስዎ ነዎት የገደሉት እንድትለው። ሁለቱንም አላለችም። የምትነግረው ለሱ ይሁን ለራሷ አያስታውቅም ነበር።

«አሁን ወዴት ነሽ?» አለች ዓሲያ።

«ወደ ቤቴ። ዘር ሰጥተውኛል።»

«ማን ያርስልሻል?»

«እቆፍራለሁ።»

ከረጢቱ ከሁለት እፍኝ ብዙም የሚበልጥ አልነበረም። ያን መሬት አንዲት ሴት በዶማ እንደማትጨርሰው፣ ብትጨርሰውም እስኪደርስ የሚበሉት እንደሌለ ሦስቱም ያውቃሉ። 

ሰላሕ ልጅቷን ተመለከተ። ግማሹ በርኖስ ትከሻዋ ላይ በልጥ ታስሯል። በጩቤ የተቀደደው ጠርዝ አልተዘመዘመም፤ ክሩ እየተፈታ እስከ እግሯ ይንጠለጠላል፤ ስትራመድ ይጎተታል። እንዲህ ከቀጠለ ከክረምቱ በፊት ተተርትሮ ያልቃል። ሰላሕ መርፌ ላይ ክር አስገብቶ ነበር፤ መቼ እንዳስገባው አላወቀም።

«ነይ ልጄ» አላት። «ጠርዙን ብቻ ልዘምዝምልሽ። እንዳይፈታ ያህል። ሌላ ምንም አልነካውም።»

ጸሐይነሽ እናቷን አየች። ይታየሽ እጇን አንሥታ ልጅቷን ወደ ራሷ ሳበቻት፤ ቀስ ብላ፣ ያለ ቁጣ።

«ይተዉት፣ አያ ሰላሕ» አለች። «እንዲሁ ይሁን። መዝጋቢ አይጠፋም።»

መርፌው በጣቱ ላይ ቆመ። ይታየሽ ውኃ የጠጡበትን ጣሳ ለዓሲያ መልሳ አመሰገነች። ከረጢቷን አዘለች። መንገደኞቹ ከታች ይጠሯት ነበርና ልጇን ይዛ ቁልቁል ወረደች።